ለተመዘገቡ ተጫዋቾች ብቻ

በ2071 ዓ.ም. በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት ወንበሩ ኤልዳና ሮቤልን «እረፍት የለሽ» ብሎ መዘገባት።

በኮምቦልቻ የወንበር አዳራሽ አራት መቶ ሰው ይሠራል። ግቢው ድሮ ጨርቅ ይሸመንበት ነበር ይባላል። አሁን መነጽርና ጓንት ያደረጉ ሰዎች ተቀምጠው በአንድ ሩቅ ባሕር ዳር የቆሙ ክሬኖችን ያንቀሳቅሱበታል። የወደቡ ስም አልተነገራቸውም። የሚያውቁት ሁልጊዜ እንደሚዘንብበት ብቻ ነው። እነሱን የማያረጥባቸውን ዝናብ ከካሜራ ላይ ሲጠርጉ ይውሉና፣ ሲወጡ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ የሚዘረጉ አሉ። የከተማው ሰው የወንበር ሠራተኛን የሚለየው በዚህ ነው። ማንም አይስቅባቸውም።

ወንበሩ ለአንድ ሰው በሰዓት አሥራ ሁለት ጊዜ መነቃነቅ ይፈቅዳል። ኤልዳና በአንድ ሰዓት ውስጥ አርባ አንድ ጊዜ ተነቃንቃለች። ከወገቧ ከፍ ብሎ በግራ በኩል የሆነ ነገር ጨምድዶ ይዟታል። ወደ ቀኝ ብትዞር ይወጋታል፤ ወደ ግራ ብትዞር እስከ እግሯ ጣት ይነዝራታል፤ ቀጥ ብላ ብትቀመጥ ደግሞ ትንፋሿ ያጥራል። የህመም ማስታገሻ የዋጠ ሰው እጁ ስለሚዘገይ ወንበሩ አይቀበለውም። ሰኞ ጠዋት ደብዳቤው ደረሳት፤ «ቅዳሜ የመቀመጥ ፈተና ይወስዳሉ። የፈተናው ርዝመት አራት ሰዓት ነው። ካላለፉ ወደ ጋዳሚ ክፍል ይዛወራሉ» ይላል።

ጋዳሚ ክፍል መቀመጥ ያቃታቸው ሰዎች ተኝተው የሚሠሩበት ነው። አዳራሹ ያለው አፋር ውስጥ ነው። ስድስት ወር ሳይሞላ መውጣት የለም፤ ቤተሰብ ይዞ መግባትም አይፈቀድም። የሄዱት መጥፎ ነው አይሉም። ጣሪያው ንጹሕ ነው ይላሉ።

ኤልዳና መሄድ አትችልም። ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ዘጠኙን ያሳለፈችው ደቡብ ኮሪያ፣ ቡሳን ነው፤ አምስቱን በትምህርት፣ አራቱን በሥራ። ከሦስት ዓመት በፊት የተመለሰችው የአባቷ ግራ ጎን ስለከዳቸው ነው። መመለሷ ልክ ይሁን አይሁን ሁልጊዜ ሰኞ ሰኞ ትጠራጠራለች፤ በሌሎቹ ቀናት ጊዜ የላትም። ጠዋት ጠዋት የአባቷን ሸሚዝ ትቆልፋለች፣ ጫማቸውን ታስራለች፣ ከዚያ ወደ ወንበሯ ትሄዳለች። እሷ አፋር ከወረደች አቶ ሮቤል የሚገቡት የአረጋውያን ማረፊያ ነው። እዚያ ሸሚዝ የለም፤ ሁሉም የሚለብሰው በራሱ የሚዘጋ ቱታ ነው። አቶ ሮቤል ሠላሳ ዓመት የሕዝብ አውቶቡስ የነዱ፣ ሸሚዛቸውን ሱሪያቸው ውስጥ ሳያስገቡ ከቤት ወጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው።

ስለዚህ ሰኞ ማታ ወደ ጤና መድኑ ደውላ ጠየቀች።

«የአከርካሪ አጥንት አቃኝ እፈልጋለሁ፤ በሕዝብ ጤና መድን የሚሠራ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ።»

«በአገሪቱ ሦስት የተመዘገቡ የአከርካሪ አጥንት አቃኞች አሉ» አለ የመድኑ ድምፅ፣ ደስ የሚል የሴት ድምፅ ነው። «ለእርስዎ የሚቀርበው አዳማ ይገኛል። የመጀመሪያው ክፍት ቀን የሚመጣው ዓመት ታኅሣሥ አሥራ ሦስት ነው። ልያዝልዎት?»

«ቅዳሜ ነው ፈተናዬ።»

«የሚመጣው ዓመት ታኅሣሥ አሥራ ሦስትም ቅዳሜ ነው» አለ ድምፁ።

አቶ ሮቤል ከአልጋቸው ሆነው ይሰማሉ። «ወጌሻ ሂጂ እንጂ!» አሉ።

«አባዬ ደግሞ! ቡሳን እኮ አከርካሪን በብርሃን ያነቡታል። የኔንም አንብበውታል። ቅቤ ቀብቶ የሚያሽ አላየሁም።»

«ብርሃኑ ምን አለሽ?»

«ትንሽ ጠማማ ነው አለ።»

«አቃናው?»

«አላቃናም። ማንበብ ነው እንጂ ሥራው።»

«በይ እንግዲያ አንባቢው በቅቶሻል፤ ጸሐፊ ፈልጊ።»

ነገሩ እሳቸው እንደሚሉት ቀላል አይደለም። ሰው ሁሉ ማጅራቱ ላይ ባቄላ የምታህል ነገር ተለጥፋበታለች፤ ስሟ ምስክር ነው። የሌላ ሰው እጅ ገላን ጫን ብሎ ከሃያ ሰከንድ በላይ ከቆየ ምስክር በጆሮ ትጠይቃለች፤ «ማን ነው የሚነካዎት?» እናቶች ቀኑን ሙሉ «ልጄ ነው፣ ልጄ ነው» ሲሉ ይውላሉ። ባልና ሚስት አንድ ጊዜ ተናግረው ያስመዘግባሉ። በመድን ያልታወቀ እጅ ለሕክምና ሦስት ጊዜ የነካው ሰው ግን ከመድን ይወጣል፤ እጁን ያሳረፈው ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሕግ ይጠየቃል። ኤልዳና ከመድን ብትወጣ በእሷ ስም የታቀፉት አባቷም ይወጣሉ።

ቢሆንም አባቷን ዝም ለማሰኘት ብላ ቃሉን ለመድኑ ነገረችው። «ወጌሻ።»

ድምፁ ትንሽ ዘገየ። «ወጌሻ፦ የስፖርት ባለሙያ። በአቅራቢያዎ አንድ አለ። ሂክማ ይማም፣ ቦርከና ጮራ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን። ለተመዘገቡ ተጫዋቾች ብቻ። በጨዋታ ላይ ለደረሰ ጉዳት ብቻ።»

ኤልዳና ስቃ ልትዘጋው ስትል አባቷ ቀና ለማለት ሞከሩ። «ሂክማ? የሼህ ይማም ልጅ? አባቷ እኮ ይህን ክንዴን ያቃናው ነው!» አሉና ደህነኛውን ቀኝ ክንዳቸውን አነሱላት።

*

መድኑ የሙያዎችን ዝርዝር ሲያዘጋጅ ቃላቱን የለቀሙት ከአገር ውጭ ተቀምጠው የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ ይባላል። «ወጌሻ» የሚለውን ያገኙት ከድሮ የስፖርት ጋዜጦች ነው። አጥቂው ወደቀ፣ ወጌሻው ገባ፣ ጨዋታው ቀጠለ። በጋዜጦቹ ውስጥ ወጌሻ ከኳስ ሜዳ ውጭ ታይቶ አያውቅም። በየመንደሩ ከአባት ለልጅ እየተላለፈ ስብራት የሚጠግን፣ ወለምታ የሚያሽ ሰው በዚሁ ስም እንደሚጠራ የነገራቸው አልነበረም። እንዲህ ሆኖ የሼህ ይማም ዓይነቱ አርባ ዓመት አጥንት የገጠመ እጅ «ያልታወቀ» ሲባል፣ የቡድን ቦርሳ ይዞ ሜዳ ዳር የሚቀመጥ ሁሉ ታወቀ።

ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ኤልዳና እትዬ ሂክማ ግቢ ስትደርስ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት አጭር ሴት ማልያ እያጠቡ ያሰጡ ነበር። ገመዱ ላይ ሠላሳ የሚሆን ብርቱካንማ ማልያ ተንጠልጥሏል።

«እዚያው ቁሚ!» አሉ እትዬ ሂክማ፣ ገና ከበሩ ሳታልፍ። «አሁን ወደኔ ነይ። ቀስ ብለሽ።»

ሄደች።

«ግራ ነው። ከታች ስትቆጥሪ አራተኛዋ። ተቀምጠሽ ነው ያመጣሽው።»

ኤልዳና ቡሳን ብርሃኑ አራተኛዋን ለማግኘት አርባ ደቂቃ እንደፈጀ አስታወሰች። ወዲያው ደግሞ ተጠራጠረች፤ የወንበር ሠራተኛ ሁሉ የሚያመው እዚያው ይሆናል።

«እትዬ ሂክማ፣ ሊረዱኝ ይችላሉ? ቅዳሜ ፈተና አለብኝ። ካልቻልኩ አባቴ...»

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉና ሳትመልስ እጃቸውን ከፍ አደረጉባት። «ቆይ፣ ቆይ፣ አትንገሪኝ! ለነገ አቆይው። እዚህ አልነካሽም የኔ ሸጋ፤ እጄ ውሃው ውስጥ ይቆይ። ነገ አሥር ሰዓት ሜዳ ነይ። ከባቲ ጋር ጨዋታ አለን። ቁጥርሽ ሠላሳ አንድ ነው።»

«እኔ ኳስ ተጫውቼ አላውቅም።»

«ማን ያውቃል ብለሽ ነው?»

«ይህ ነገር... ማጭበርበር አይሆንም?»

እትዬ ሂክማ ማልያውን ጨምቀው ገመዱ ላይ ወረወሩት። «ትሮጫለሽ?»

«እሮጣለሁ።»

«ያምሻል?»

«ያመኛል።»

«ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው? አብሽሪ። ጫማ ጠበቅ አርገሽ እሰሪ።»

*

ረቡዕ አሥር ሰዓት ከየጎፍ ተራራ ሥር ባለው ሜዳ ቦርከና ጮራ አሥራ አንድ ተጫዋችና ሃያ ተቀያሪ ይዞ ተሰለፈ። ባቲዎች ሃያ ሦስት ተቀያሪ ይዘው መጥተዋል። ኤልዳና ተጠባባቂ ወንበሩ ላይ ከተቀመጡት መካከል አንገቷ የዞረ፣ ትከሻዋ የተሰቀለ፣ ጉልበቷን በጨርቅ ያሰረች አየች። የሁለቱም ቡድን ሰው ሲቀመጥ «እፍፍ» ይላል። ሊጉ ከስድስት ዓመት በፊት አሥራ አራት ቡድን ነበረው። አሁን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሆኗል። መድኑ ይህን ቁጥር ሕዝቡ ምን ያህል ጤነኛ እንደሆነ ማሳያ አድርጎ በየዓመቱ ሪፖርት ያቀርብበታል።

አምበሏ ዲቦራ የምትባል የሃምሳ ዓመት ዳቦ ጋጋሪ ናት። ቀኝ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አይወጣም ነበር አሉ፤ አሁን ዳኛውን ስትጣራ እስከ ላይ ታወጣዋለች።

«ኤልዱ ነሽ አይደል? ተከላካይ ነሽ» አለቻት።

«ምን ልከላከል?»

«ኧረ ምንም አትከላከዪ! ስሚ። ልብሽ መቶ ሠላሳ ካልደረሰች ምስክር ጨዋታ ነው ብላ አትቀበልም። ስለዚህ ከልብሽ ሩጪ። ወድቀሽ ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ሦስት ደቂቃ አለሽ። ከሦስት ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል ይባላል፣ ሆስፒታል ከተባለ ታኅሣሥ ነው። ገባሽ?»

«ኳሱ ቢመጣብኝስ?»

«መልሺላቸው። እንግዳ ናቸው።»

ጨዋታው ተጀመረ። በአምስተኛው ደቂቃ አንዲት ባቲ ወደቀች፤ የባቲ ወጌሻ ሽማግሌው ቦርሳቸውን ይዘው ገቡ። በዘጠነኛው የቦርከና በረኛ ወደቀች። ባቲዎች ኳሱን ይዘው ባዶው ግብ ፊት ቆመው ጠበቋት። ሲሻላት መለሱላት። ባለፈው ዓመት በዚህ ሜዳ አንድ ግብ ተቆጥሮ ነበር፤ ያስቆጠረችው ሴት ሁለቱንም ቡድን ይቅርታ ጠይቃለች። ዳኛው ሰዓቱን እያየ ወዲህ ወዲያ ይላል። ተመልካቾቹ ለወደቀችው ያጨበጭባሉ፣ ለተነሣችው ደግሞ የበለጠ ያጨበጭባሉ።

ኤልዳና በሰባኛው ደቂቃ ገባች። የመጀመሪያዎቹን አሥር እርምጃዎች እየሮጠች ስለ ራሷ አሰበች፤ ዘጠኝ ዓመት ባሕር ማዶ፣ ሁለት ዲግሪ፣ አሁን ደግሞ ብርቱካንማ ማልያ። ከዚያ ማሰብ አቆመች፤ ወጋት። ኳሱ ወደሷ መጣ። ልትመልሰው ግራ እግሯን አነሣች፣ ወገቧ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ፣ መሬቱ ጉንጯን መታት። ለማስመሰል የተዘጋጀችበትን ሁሉ ረስታ ጮኸች።

ፊሽካ።

«አብሽሪ፣ አብሽሪ፣ መጣሁ!» እትዬ ሂክማ ቦርሳቸውን እያንገጫገጩ ደረሱና አጠገቧ ተንበረከኩ። ዳኛው ሰዓቱን ያዘ። ማልያዋ ተገልቦ ለብ ያለ ቅቤ የነካው መዳፍ ወገቧ ላይ አረፈ።

አውራ ጣቶቹ ከታች ጀምረው ወደ ላይ መቁጠር ያዙ። አንዱ ጋ ቆሙ፤ እንደገና ተመለሱ።

«ማን ነው የሚነካዎት?» አለች ምስክር በጆሮዋ።

«ወጌሻ» አለች ኤልዳና፣ አፏ ሣር እየነካ።

ምስክር ቃሉን ዝርዝሯ ውስጥ ፈለገች። ፍለጋዋ ረዘመ፤ ወይም ለኤልዳና ረዘመባት።

«ተመዝግቧል። ጨዋታ ላይ ነዎት።»

«አንድ ደቂቃ!» አለ ዳኛው።

መዳፉ ጠንካራና ሻካራ ነበር፤ ማልያ የሚያጥብ እጅ ነው። ኤልዳና ከተመለሰች ወዲህ ማንም ገላዋን እንዲህ ይዟት እንደማያውቅ የገባት ያን ጊዜ ነው። አባቷን የምትነካው እሷ ናት። ቡሳን ብርሃኑ ሲያነባት የተኛችው ብቻዋን ነበር፤ ባለሙያዋ ከመስታወት ጀርባ ሆና «እንዳይንቀሳቀሱ» ብላታለች። ዕንባዋ መጣ። ከሕመሙ ይሁን ከሌላ አላወቀችም።

«ሁለት ደቂቃ!»

«እሺ፣ አሁን ንገሪኝ» አሉ እትዬ ሂክማ፣ አንድ ክንዳቸውን በጭኗ ሥር፣ አንዱን በትከሻዋ ሥር አሳልፈው። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የሮቤል። አውቶቡስ ሲነዳ የነበረው፣ አባትዎ ክንዱን ያቃ...»

ቃሉን አልጨረሰችውም። እትዬ ሂክማ ድንገት ጠመዘዟት፣ እንደ ደረቅ እንጨት ያለ ድምፅ ከገላዋ ወጣ፣ ዳኛው እንኳ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ትንፋሽ ገባላት። እስከ ታች ድረስ ገባ።

«ጨርሺው እንጂ» አሉ እትዬ ሂክማ እየሳቁ። «አባቴ ክንዱን?»

«አቃናው» አለች።

«ሦስት!» አለ ዳኛውና ፊሽካውን ነፋ። ኤልዳና በራሷ እግር ተነሣች። ከሁለቱም ወገን ተጨበጨበላት።

ሜዳውን ለቃ ስትወጣ ምስክር እንደገና ተናገረች። «ላገኙት አገልግሎት ምን ደረጃ ይሰጣሉ? አስተያየትዎን በቃል መጨመር ይችላሉ።»

ኤልዳና አፏን ከፈተች። ልትናገረው የፈለገችው ብዙ ነበር። እትዬ ሂክማን ማመስገን ፈለገች፤ ኳሱን ይዘው የጠበቁትን ባቲዎች ማመስገን ፈለገች፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በማታውቀው አገር ተቀምጦ ያንን ቃል ከስፖርት ጋዜጣ ላይ የለቀመውን ሰው ማመስገን ፈለገች። ዲቦራ ፊቷን አይታ ሮጣ መጣች፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ።

«መካከለኛ በያት» አለቻት በሹክሹክታ።

«ምን?»

«መካከለኛ! ከዚያ በላይ ካመሰገንሽ ምን ተገኘ ብለው ሊያጣሩ ይመጣሉ። መጥፎ ካልሽም ይመጣሉ።»

«መካከለኛ» አለች ኤልዳና።

ኮምቦልቻ በመድኑ ሰነድ ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ ያለማቋረጥ «መካከለኛ» የሰጠች ከተማ ናት። አመስጋኝ ያልሆነ ሕዝብ ተብሎ ይሆናል። ሰዉ ግን ምስጋናውን የሚያደርስበት ሌላ መንገድ አለው። ኤልዳና ያን ቀን ሠላሳ አንዱን ማልያ ተሸክማ ወሰደችና እትዬ ሂክማ ግቢ ጎንበስ ብላ አጠበች። ጎንበስ ማለት መቻሏን እያየች አጠበች። እትዬ ሂክማ ከበርጩማ ላይ ሆነው «ኮሌታውን ፈግፍጊው፣ ባሕር ማዶ ማጠብ አላስተማሩሽም እንዴ?» ይሏት ነበር።

*

ቅዳሜ ጠዋት የአባቷን ሸሚዝ ቆልፋ ሄደች።

የፈተናው ክፍል ነጭ ነው። አንድ ወንበርና አንዲት ፈታኝ አሉበት። ፈታኟ የኤልዳና እኩያ የምትሆን፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰች ሴት ናት። ሥራዋ የተቀመጠውን ሰው ማየት ነው። «ይቀመጡ» አለች፣ ኤልዳና ተቀመጠች፣ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

የመጀመሪያው ሰዓት ቀላል ነበር። በሁለተኛው ኤልዳና መጠራጠር ጀመረች። እጁ ይሆን ያዳናት፣ ወይስ ሩጫው? ወይስ ሰው የነካው ገላ ለጥቂት ቀን ዝም ይላል? ቡሳን ቢሆን ይህን ለመለየት ሁለት መቶ ሰው ይፈልጉ ነበር፤ መቶው የሚታሽ፣ መቶው የማይታሽ። በሦስተኛው ሰዓት ያ ቦታ ቀስ ብሎ ማሳከክ ጀመረ። ላብ አጠመቃት። ማድረግ የምትችለው አንድ ነገር ብቻ ነበርና አደረገችው፤ መዳፉን አሰበች። ቅቤውን፣ ሻካራውን፣ «አብሽሪ» የሚለውን። መጠራጠሯ አልተዋትም፤ ግን ከምስጋናዋ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ አንዱ ሌላውን ሳይገፋ።

«አራት ሰዓት ሞልቷል» አለ ወንበሩ። «መነቃነቅ፦ በሰዓት በአማካይ ዘጠኝ። በቦታዎ ይቆያሉ።»

ኤልዳና ተነሣች፤ ምንም ሳትይዝ፣ ቀጥ ብላ። ፈታኟ አነሣሷን አየች። ብዙ ሰው ከዚያ ወንበር ሲነሣ አይታለች፤ እንዲህ የሚነሣ ግን አላየችም።

«ፋይልዎ ላይ ሰኞ ዕለት አርባ አንድ ይላል» አለች።

«አዎ።»

«በአምስት ቀን ውስጥ?»

ፈታኟ ወደ በሩ ለማየት ዞረች። አንገቷ አልዞረም፤ ከእግሯ ጀምሮ ሙሉ ገላዋን ነው ያዞረችው፣ እንደ ቁም ሣጥን። በሩ መዘጋቱን አይታ እንደዚያው ተመለሰች።

«እኅቴ» አለች፤ አንቱታው ቀርቷል፣ ድምፅዋም ዝቅ ብሏል። «ሁለት ዓመት ሆነኝ። ልጄን ቀና ብዬ ሳም ማድረግ አቃተኝ፤ ከኔ ረዝሟል። አዳማ ወረፋ ይዣለሁ። ማን ነው? ስሙን ብቻ ንገሪኝ።»

ኤልዳና አንገቷን አየች፣ ካፖርቷን አየች፣ ከዚያ ጫማዋን አየች። ተረከዝ የሌለው፣ በገመድ የሚታሰር ነው።

«ኳስ ትወጃለሽ?» አለቻት።